ያልተፈታው መቀነት

ትልቅ ሰው ባለበት አንድ ወጣት የሚያውቀውን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ አፉን ለማስያዝ የሚወረወርበት አንድ ተረት አለ። ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም በልጅነታችሁ ተወርውሮባችኋል። ባለፈው ሰሞን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሰፈራችን መጥታ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ስታረግዝ ምን መጠንቀቅ እንዳለባት ስታስረዳን፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ይህችኑ ተረት ጣል አደረገችባት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ አቀረቀረች፤ የጀመረችውንም ሳትጨርስ ሄደች።

እኔ አልሳቅሁም። ከዚያች ሴትዮ ጋር እስካሁን ሰላምታችን የላላ ነው። ተረቷ ከየት እንደመጣች ስለማውቅ፣ ለማሾፊያ ስትውል ለቅሶ ቤት የተሳቀ ያህል ይከፋኛል። መጀመሪያ ከአንዲት አዋላጅ አፍ ስትወጣ ማንም አልሳቀም ነበር። ታሪኩን የነገረችኝ መንዝ ተወልዳ ያደገችው አክስቴ እትዬ አልጣሽ ናት። እውነት ነው ብዬ እኔ አልምልም፤ እሷ ግን ትምል ነበር።

በድሮ ጊዜ ነው አሉ፣ መንዝ ውስጥ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ድልነሳሁ ባና ሸማኔ ነው፤ እሷ የበጉን ጠጉር ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። አገሩ ብርድ ነውና ባና የማይለብስ የለም፤ ስለዚህ ሥራ ፈተው አያውቁም። ቤታቸው የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቀው ማንም ጮክ ብሎ አያነሳውም።

ይመኙሻል ገና ልጅ እግር ሳለች ዘርፌን ወልዳለች። በእነሱ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። የይመኙሻል እናት ግን ቀድማ ሞታ ነበርና መሄጃ አልነበራትም፤ የወለደችው አማቶቿ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አማቷና ዋርሶቿ፣ የባሏ ወንድሞች፣ እሳት ከበው ያወራሉ። ወንዶች እየሰሟት እንዴት ትጩህ? የነጠላዋን ጫፍ አጥብቃ ነክሳ ወለደች። በማግስቱ አማቷ በኩራት፣ ምራቴ እኮ ድምጿ ሳይሰማ ተገላገለች እያሉ ለመጣው ሁሉ አወሩ። ምስጋና ክፉ ነገር ነው አንዳንዴ። ይመኙሻል ጨዋ ሴት የምትወልደው እንዲህ ነው ብላ ያዘችው።

ሁለተኛውንም እንደዚያው ነክሳ አማጠች። ምጡ በረታ፣ ቀኑ ረዘመ፣ እሷ ዝም አለች፤ ልጁም ሲወለድ ዝም አለ። ድምፁ ሳይሰማ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሾተላይ ነው አሉ። ሾተላይ የሚሉት፣ የመጀመሪያውን ልጅ ትቶ ተከታዮቹን ይቀጥፋል የሚባለውን ክፉ ነገር ነው። ስሙን ከጠሩት ይሰማል ስለሚባል ይመኙሻል አንድም ቀን በአፏ ጠርታው አታውቅም። ጠበል ተጠመቀች፣ ሥር ቆፍረው አጠጧት፣ ለማርያም ጥላ ተሳለች። ማሕፀኗ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። የድልነሳሁ ዘመዶች ሌላ አግባ ብለው ቢወተውቱት፣ እኔ የምሸምነው በአንድ እንዝርት ፈትል ነው ብሎ መለሳቸው። ዘርፌ አድጋ ተዳረች። ይመኙሻልም ጠጉሯ ከግንባሯ በኩል ነጣ ነጣ ማለት ጀመረ።

ታዲያ ዘርፌ በተዳረች በዓመቱ የይመኙሻል የወር አበባ ቀረ። ዕድሜዬ ነው አለች። እውነቱን ለመናገር ቀለል ነው ያላት፤ በየወሩ ተስፋ አድርጎ በየወሩ ማፈር አበቃ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ የበግ ጠጉር ሽታ ያቅለሸልሻት ጀመር። ስትፈትል የኖረች ሴት ጠጉር ሸተተኝ ስትል ሰው ምን ይላል? እሷ ጨጓራዬ ነው አለች።

አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ስታሾር፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተገላበጠ። እጇ ቀጥ አለ። ጠበቀች፤ ደግሞ ተገላበጠ። ያን ጊዜ አጠገቧ ማንም ሳይኖር፣ ለሰው እንደምትመልስ ሁሉ «ነፋኝ» አለች ጮክ ብላ።

ደስ አላላትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ደስታማ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ቀድሞት ገባ። በዚህ ዕድሜዋ አጥንቷ ጠንክሮ፣ ጉልበቷ ደክሞ፣ ምን ችላ ትወልዳለች? ብትወልድስ ያ የማይጠራው ነገር መች ይተውላታል? እርጉዝ ነኝ ብላ በአፏ ካወጣችው የሚሰማት መሰላት። ካላለችው ግን ምናልባት ሳያይ ያልፍ ይሆናል። ስለዚህ ላለመናገር ወሰነች፤ ለጎረቤት ቀርቶ ለባሏም። መቀነቷን ከወትሮው ዙር ጨምራ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች፣ ከላይ ባናዋን ደረበች። ብርድ አገር መሆኑ ጠቀማት።

ድልነሳሁ አላወቀም ብላችሁ እንዳትሞኙ። አንድ መደብ ላይ የሚተኛ ሰው እንዴት አያውቅም? እሷ ካላለች ግን እሱም አላለም። እሱም እኮ ያንን ልጅ በእጁ የቀበረ ነው። ብቻ አንድ ቀን ብድግ ብሎ እንስራውን በአህያ ጭኖ ውኃ ወረደ። ወንድ ልጅ ውኃ ሲቀዳ ታይቶ አይታወቅምና መንደሩ በሳቅ ሞተ። ምነው ድልነሳሁ፣ ሚስትህ ተቆጣችህ ወይ ሲሉት፣ አህያዋ እንዳትሰንፍ ብዬ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያዋ ሰንፋ አታውቅም።

እንዲህ ሁለቱም የሚያውቁትን እየተደባበቁ ሳለ ከወደ ዘርፌ ቤት መልእክት መጣ። ዘርፌ ደርሳለች፤ የመጀመሪያዋን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ትመጣለች።

ይመኙሻል እንቅልፍ አጣች። ልጇ ልትወልድ ስትመጣ እናት ምን ታደርጋለች? ታቅፋለች፣ ትደግፋለች፣ ታርሳለች። እሷ ደግሞ ልጇ ስታረግዝ አብራ ያረገዘች እናት ናት። አማች ቢሰማ፣ አገር ቢሰማ፣ ይህን እፍረት የት ትሸሽገዋለች? መቀነቷን ፈትታ አንድ ዙር ጨመረችበት።

ዘርፌ በበቅሎ ተጭና፣ በግራና በቀኝ ተደግፋ መጣች። ገና ከበቅሎው እንደወረደች እናቷ ላይ ልትጠመጠም እጇን ዘረጋች። ይመኙሻል ግን በጎኗ ዞራ ሳመቻት። ሁለት ድርስ ሆዶች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ነው።

«እምዬ፣ ወፈርሽ» አለች ዘርፌ።

«ዕድሜ ነው ልጄ» አለች እናት። ዕድሜ ስንቱን ኃጢአት ይሸከማል!

ዘርፌ ብዙም አልቆየች፣ አንድ ማለዳ ምጥ ጀመራት። አዋላጇ እማሆይ ወለላ ተጠሩ። እማሆይ ወለላ የዚያን አገር ሰው ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ አሮጊት ናቸው፤ ከሕፃናቱ በቀር የማይቆጡት ሰው የለም። ገብተው ዘርፌን ዳሰሷት፣ ተልባ አስጠጧት፣ ሆዷን ቅቤ ቀቧት፣ ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብለው ማስተማር ጀመሩ። ምጡ ሲመጣ እንዳትሸሸው፣ ወደሱ እንድትሄድበት፣ ጥርሷን እንዳትነክስ ነገሯት።

«ላይ ሲጨበጥ ታችም ይጨበጣል ልጄ» አሏት። «ማርያምን ጥሪያት። ጮክ ብለሽ። እሷ ቅርብ ናት፤ መጮሁ ላንቺ ነው።»

ይመኙሻል እዚያው ክፍል ውስጥ ናት። ውኃ ታመጣለች፣ ጨርቅ ታጥፋለች። አንዱንም ቃል ግን አልሰማችም። አንድ እጇ ዘወትር መቀነቷ ላይ ነበርና ልቧም እዚያው ነበር። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ሌላዋ ስታምጥ መገኘት የለባትም፣ ምጥ ታጠናለች ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ልውጣ እንዳትል ልጇ «እምዬ፣ እምዬ» እያለች ትጠራታለች። ብትቀመጥ በልጇ ላይ ጠላት የሆነች ይመስላታል። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ዘርፌ አልተገላገለችም። አዘነበለች፤ አልተገላገለችም። ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። ጎረቤት ሴቶች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የምታምጥ ሴት አንድ እግሯ መቃብር ውስጥ ነው ይባላል፤ ያን ሰዓት ማንም አፉን ከፍቶ ባይለውም ሁሉም አስቦታል።

እማሆይ ወለላ ብድግ አሉ። «በዚህ ቤት የተቋጠረ ነገር ሁሉ ይፈታ» አሉ።

ይህ የዚያ አገር ልማድ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ባለችበት ቤት የታሰረ ነገር ካለ ልጁም ይታሰራል ይላሉ። ሴቶቹ ተሯሯጡ። የጆንያው አፍ ተፈታ። የቅሉ ማንገቻ ተፈታ። የተጎነጎነ ጠጉር ሁሉ ተበተነ። ውጭ ድልነሳሁ ጥጃውን ፈታ፣ አህያዋን ፈታ፤ አህያዋም ውለታውን ሳትረሳ ቀጥ ብላ ወደ ሰው ገብስ ገባች፣ ማንም አልመለሳትም። ሴቶቹ መቀነታቸውን እየፈቱ ጥግ ላይ ከመሩት።

ይመኙሻል ብቻ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። እማሆይ ወለላ ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸው ከወገቧ አልተነሳም ነበር ይላሉ።

«ያንቺስ ይመኙሻል?»

«የኔ የላላ ነው እማሆይ።»

«የተፈታ ነው ያልሁት፤ የላላ አላልሁም።»

እንግዲህ እዚያች ሴት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። መቀነቱ ከተፈታ ሚስጥሩ ይወጣል፤ ያ የማይጠራው ነገር ያያል፤ የሆዷን ይወስዳል። ካልተፈታ ደግሞ እዚያ መደብ ላይ የምትሰልለው አንዲት ልጇ ናት። አንዱን በእጇ ይዛ ሌላውን ልትለቅ ነው። ዘርፌ አንገቷን ቀና አድርጋ «እምዬ» አለች፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ይመኙሻል የመቀነቱን ጫፍ ያዘች። ፈታችው። ፈታችው፣ ፈታችው፣ አላልቅ አለ። መቀነቱ እግሯ ሥር ተከመረ፣ ባናዋ ተከፈተ፤ ሆዷም ከዚያ ሁሉ ወር እስራት ወጥቶ ፊት ለፊት ተደቀነ። ከሴቶቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

ዘርፌ አየች። ምጧ መሃል ላይ ናት፣ ግን አየች። ቀስ ብላ «ዕድሜ ነው ልጄ» አለች፣ የእናቷን አነጋገር አስመስላ፤ ከዚያ ሳቀች። ሳቁ ሆዷን ናጠው፣ ምጡም ከሳቁ ጋር ተደርቦ መጣ፣ ማርያምን ጠርታ ገፋች። ብዙም አልቆየ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። መቀነቱ ነው የፈታት ትል ነበር አክስቴ። እኔ ሳቁ ነው እላለሁ፤ በዚህ እስከ ዕለተ ሞቷ አልተስማማንም።

የዘርፌ ጭንቅ በእልልታ አለቀ። የይመኙሻል ጭንቅ ግን ያን ቀን ገና ተጀመረ። ድሮ የምትፈራው ለብቻዋ ነበር፤ አሁን አገር አብሯት ይፈራላት ጀመር። አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሁሉ ሕፃኑን ሳይሆን የእሷን ሆድ ያያል። በዚህ ዕድሜዋ፣ ይላል ከንፈሩን እየመጠጠ። አንዷ ጎረቤት ለደግ ብላ፣ እሷን በመሰለ ዕድሜ አርግዛ ከነልጇ የሞተች የአጎቷን ሚስት ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላት። ዘርፌ ከአራስ መደቧ ሆና፣ እትዬ ጥጃሽ ይጮኻል፣ ሂጂና እለቢ ብላ አስወጣቻት። ጥጃ አልጮኸም፤ ሴትዮዋ ጥጃም የላት።

ይመኙሻል ቀኑን ሙሉ ልጇን ታርሳለች፣ አጥሚት ታፈላለች፣ የልጅ ልጇን ታጥባለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ዘርፌ ደስ ይላታል፤ ይመኙሻል ግን ድምፁን በሰማች ቁጥር እጇ ወደ ሆዷ ይሄዳል። የእኔስ ያለቅስ ይሆን እያለች ነው። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሿ ያጥራል። እማሆይ ወለላ መጥተው ዳሰሷት። አቀማመጡ ደኅና ነው፣ ሰውነትሽ ግን ደክሟል፣ እንደ ልጅነትሽ አይሆንልሽም፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ሲጀምርሽ ቶሎ ላኪብኝ አሏት።

ይመኙሻል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ይኖራል?»

«እኔ አዋላጅ ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም» አሉ እማሆይ ወለላ።

የዘርፌ ልጅ ገና ክርስትና ሳይነሳ፣ እሷም ገና አራስ ቤት ሳለች፣ አንድ ጠዋት ይመኙሻል አጥሚት እያፈላች ነበር። ድንገት ምሰሶውን ይዛ ቀጥ አለች። አጥሚቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፣ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ፤ እሷ አላየችውም።

«እምዬ፣ ጀመረሽ?» አለች ዘርፌ።

«ነፋኝ።»

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ምሰሶውን ያዘች። ዘርፌ ነፋኝ ማለትሽን ተዪ ብላ አባቷን ጠራች። ድልነሳሁ ድሩን እንደተወጠረ ጥሎ ሮጠ። እማሆይ ወለላ ግን ያን ቀን ሌላ ደብር ሄደው ሌላ ሴት እያዋለዱ ነበር፤ ይዟቸው ሲመለስ ቀኑ አጋምሷል። ጎረቤት ሴቶች ከውጭ ደጃፉ ላይ ተሰብስበው ማርያም በሽልም ታውጣት ይላሉ። ድልነሳሁም እነሱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ውስጥ ይመኙሻል ተንበርክካ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ምጡ ይመጣል፣ ጡንቻዋ እንደ ገመድ ይወጠራል፣ ይሄዳል፤ ድምፅ የለም። እማሆይ ወለላ ለመኗት፣ ተቆጧት፣ ጨርቁን ከአፏ ሊያወጡ ሞከሩ። ጥርሷን አጥብቃ ያዘች። ልጁ ወደ ታች መውረዱን አቁሟል። እማሆይ ወለላ ሆዷን ይዳስሳሉ፣ ደግመው ይዳስሳሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ፤ ዘርፌም ያንን አየች።

አንድ ጊዜ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ይመኙሻል ጨርቁን ከአፏ አወጣች። «አታስተምሩኝ እማሆይ» አለች። «እኔ ሁለት ወልጃለሁ።»

«ወልደሻል» አሉ እማሆይ ወለላ። «አላማጥሽም።»

ዘርፌ ልጇን መደቡ ላይ በባና ጠቅልላ አስተኝታ ተነሳች። አራስ ከመደቧ አትነሳም፣ ብርድ ይመታታል፤ እማሆይ ወለላ ሊከለክሏት እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። ከእናቷ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች፣ በሁለት እግሯ መሃል አስገባቻት፣ ጀርባዋን በደረቷ ደገፈች። ሕፃን ሳለች እናቷ ጭን ላይ የምትቀመጠው እንደዚያ ነበር። ከዚያ እጇን ዘርግታ የጨርቁን ጫፍ ያዘች።

«ስጪኝ እምዬ።»

«አባትሽ ውጭ አለ። ይሰማል።»

«ይስማ። እስከዛሬ ምን እንዳመመሽ ሰምቶ አያውቅም።»

ይመኙሻል ራሷን ነቀነቀች። የሚያስፈራት የባሏ መስማት እንዳልሆነ ዘርፌ ገባት። እናቷ በሹክሹክታ «ብጮህ ያ ይሰማኛል» አለች። ያ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

ዘርፌ አገጯን እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። የተናገረችውን እማሆይ ወለላ ብቻ ሰሙ። «ለወንድሜ ጊዜ ዝም ብለሽ ነበር እምዬ። ዝምታሽ መቼ ደበቀው?»

ይመኙሻል ስትነክሰው የኖረችው ያ ሁሉ ዝምታ ያተረፈላት አንድ ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ያየችው። ጥርሷ ላላ። ዘርፌ ጨርቁን ስባ ወረወረችው።

«አሁን ሲመጣ አትሽሺው። ወደሱ ነው የምንሄድ። እኔ እጀምራለሁ፣ አንቺ ትከተዪኛለሽ።»

ምጡ መጣ። ዘርፌ ምንም ሳያማት፣ ሙሉ ድምፅዋን አውጥታ «ማርያም! ማርያም!» አለች። እናቷ ዝም። ዘርፌ ደገመችው፣ የእናቷን እጅ ጨብጣ፣ ከእሷው ጋር እየተነፈሰች። በሚቀጥለው ምጥ ከይመኙሻል ጉሮሮ የተሰነጠቀ ነገር ወጣ፤ ቃልም አይደለም። ዘርፌ እንዲያ ነው፣ እንዲያ ነው አለቻት፣ እማሆይ ወለላ ለእሷ እንዳሏት ቃል በቃል።

ውጭ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ የሰሙት የዘርፌን ጩኸት ነው። ድልነሳሁ ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። ዘርፌ ናት አለ፣ አራሷ ናት፣ ልጄን ምን መታት? እናቲቱ ትወልዳለች ሲባል ልጅቱ የምትጮህበት ምክንያት አልገባውም፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊያጣ መሰለው። ሊገባ ሲል ሴቶቹ ያዙት፣ ወንድ አይገባም። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሻካራ፣ ጎርናና፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል። ይህችስ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። ያን ያህል ዘመን አብሯት ሲኖር ሚስቱ ስትጮህ ሰምቶ ስለማያውቅ ድምፅዋን አላወቀውም። ሲነግሩት ፊቱን በባናው ሸፈነ።

ሁለቱ ድምፆች መጀመሪያ ተራ በተራ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ ሆኑ። ፀሐይ ወደ ገደሉ ስታዘነብል የይመኙሻል ድምፅ ከልጇ በለጠ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ።

ሕፃኗ ወጥታለች። ሴት ናት። ግን ጠቁራ ዳማ መስላለች፣ እጇ ተንጠልጥሏል፣ ድምፅ የላትም። እማሆይ ወለላ በጣታቸው አፏን ጠረጉ፣ ዘቅዝቀው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፣ በጨርቅ አሹዋት፣ አፏ ላይ ጎንበስ ብለው ተነፈሱባት። ያ የታወቀው ዝምታ ቤቱን ሞላው። ይመኙሻል ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። እንደ ያኔው ነው አለች በልቧ፤ እጇም በልምድ ጨርቁን ፍለጋ ወደ መሬት ወረደ።

ዘርፌ እጇን ያዘቻት። «ጥሪያት እምዬ። አልጨረስንም።»

ይመኙሻልም ጠራች። ምጥ የለም፣ ማንም አላዘዛትም፣ ወንድ ይሰማኛል አላለች፣ ያ ይሰማኛል አላለች። ማርያምን ጠራች፣ ልጄን ስጪኝ አለች፤ ሳትለው የኖረችውን ሁሉ በዚያ አንድ ቃል አለችው። ከዚያ ጩኸት ሥር አንድ ቀጭን ነገር እንደ ግልገል አለቀሰ። እማሆይ ወለላ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ሕፃኗ ደግማ አለቀሰች፣ አሁን በቁጣ፤ መደቡ ላይ የተኛው የእኅቷ ልጅም ነቅቶ ተቀበላት። ከአክስቱ የሚበልጥ ልጅ ብዙ አይታይም፤ ያ ልጅ ካደገ በኋላም አክስቴ ብለህ ጥራት ሲሉት፣ እኔ አልቀደምኋትም ወይ ይል ነበር አሉ።

እልልታው ሦስት ጊዜ ከውስጥ ተሰማ። ውጭ ያሉት ግን እልል ከማለት ይልቅ ይተያዩ ጀመር። የጮኸችው ዘርፌ፣ ያረገዘችው ይመኙሻል፣ የሚያለቅሱት ሁለት ሕፃናት፤ የወለደችው ማን ናት?

እማሆይ ወለላ እጃቸውን በነጠላቸው እያደረቁ ብቅ አሉ። ድልነሳሁ ተንደርድሮ ሄደ።

«እማሆይ፣ ልጄ ምን ሆነች? ሚስቴስ?»

እማሆይ ወለላ ደጃፉን ተደግፈው ቆሙ። እኚያ የማይቆጡት ሰው የሌላቸው አሮጊት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሚስትህ በሽልም ወጥታለች፣ ሴት ልጅ አለህ፣ ዘርፌም ደኅና ናት፣ ሁሉም ደኅና ናቸው አሉት። እሱ ግን ታዲያ ያ ሁሉ የዘርፌ ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሴቶቹም ቀርበው የአሮጊቷን አፍ አፍ ያያሉ።

«እስከዛሬ በዚህ አገር ምጥ የማስተምር እኔ ነበርሁ» አሉ እማሆይ ወለላ ቀስ ብለው፤ «ዛሬ ግን ጥግ ቆሜ አየሁ፤ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች።»